ከእኔ የምትሸሸው ወፍ

አባያ ሐይቅ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ደሴት በቀር የትም ስትፈለፍል አይተናት የማናውቅ ወፍ አለች። ጎጆዋን መሬት ላይ፣ ጠጠር መሃል ነው የምትሠራው። እኔና አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አብረን እናጠናት ነበር። ባልደረባዬ እዚሁ ሐይቁ አቅራቢያ፣ ላንቴ መንደር ተወልዳ ያደገች ሳቂታ ሴት ናት። እሷ ስትቀርባት ወፏ እንቁላሏን እንደታቀፈች ዝም ትላለች። እኔ ገና ከጀልባ ስወርድ ብር ብላ ትሄዳለች። ቀናሁ። አንጀቴ እስኪያር ቀናሁ።

ባልደረባዬ ራቅ ብዬ እንድቀመጥና በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጠጋ እንድል መከረችኝ። ምክሯም አናደደኝ። ቢሆንም ፀሐይ አናቴን እየጠበሰኝ ተቀመጥኩ። ወፏ ግን ባየችኝ ቁጥር መነሣቷን አልተወችም። ማታ ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ዓሣ ልንበላ ስንገባ ባልደረባዬ፣ «ወፍም ሰው ትመርጣለች» እያለች ትስቅብኛለች።

ደሴቷ ላይ ሎጅ ሊሠራ ነው ተባለ። ወፏ ሰው ከበዛባት ጎጆዋን ትታ ትጠፋለች ብለን ተቃወምን። የባለሀብቱ ወኪል ግን ባልደረባዬ ወፏ አጠገብ ቁጭ ብላ የተነሣችውን ፎቶ አምጥቶ፣ ይቺ ወፍ ሰው አትፈራም አለ። ጉዳዩን የያዘው ኮሚቴ መጥቶ በዓይኑ ሊያይ ወሰነ።

ኮሚቴው በመጣ ቀን ጀልባው ላይ ባልደረባዬ እጄን ያዘችኝ።

«አንቺ ቅረቢያት» አለች በሹክሹክታ። «ፈጽማ የማታውቀው ሰው ከቀረባት እንቁላሏን ጥላ ትቀራለች። ካንቺ ግን ትሸሽና ትመለሳለች። ስትሸሽ ይዩልን። እኔማ አላምጄ አበላሸኋት።»

መጠላቴ ለአንድ ነገር ሊጠቅም ነው ብዬ ንዴቴን ዋጥኩት። ኮሚቴው፣ ወኪሉና ባልደረባዬ ጀልባው አጠገብ ቆሙ፤ እኔ ብቻዬን ሄድኩ። ወፏ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ። ጠጋ አልኩ። አልተነሣችም። አሁን ትነሣለች፣ አሁን ትነሣለች እያልኩ አጠገቧ ደርሼ ቁጭ አልኩ። ክንፏን ሰብሰብ አድርጋ እንቁላሎቿ ላይ ተደላደለች።

ወኪሉ ከኋላዬ፣ «ይኸው፣ አላልኳችሁም?» ሲል ሰማሁ። ደሴቷ እንዳለቀላት ገብቶኛል። ልቤ ግን በደስታ ይመታ ነበር። ዞር ብዬ በዓይኔ የፈለግኩት ኮሚቴውን አይደለም፤ ባልደረባዬን ነው፣ ማየቷን ላረጋግጥ።