የአባቴ መኪና ወደ ቀኝ ትስባለች

የአባቴ መኪና ነዳጅ በተሰጣት ቁጥር ወደ ቀኝ መሳብ የጀመረችው መቼ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። የፒያሳ መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ በነበረበት ጊዜ መኪና ሁሉ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ሲል ስለሚውል፣ የእሷን ጠባይ ለይቶ ማየት አይቻልም ነበር። አባቴ እንዲያውም በዚያ መንገድ ላይ ጎበዝ ነጂ ይባል ነበር። መንገዱ ታድሶ አስፋልቱ ሲለሰልስ፣ ዳር ዳሩም አበባ ሲተከልበት፣ ጉዳችን ወጣ። ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የእኛዋ ብቻ አበባው ጋ ትጠጋለች።

እኔ ጥፋተኛ ለማግኘት ብዙ ጊዜ የምፈጅ ሰው አይደለሁም። ጥፋተኛው አባቴ ነው አልኩ፤ ማስረጃም ነበረኝ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለም አያልፍም። በእግሩ ሲሆን መልካም ነው። መሪ ይዞ ሲሆን ግን አንድ እጁ ባርኔጣውን ያነሳል፣ አንገቱን ይሰብራል፣ ዓይኑን ይከድናል፣ እግሩ ግን ነዳጁ ላይ እንደተጫነ ነው። በአራዳ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የማይገጥምህ መንገድ ፈልገህ አታገኝም። በየእሑዱ ከቤታችን ሥላሴ እስኪደርስ እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ ከሁሉም በላይ የምጸልየው ለእግረኛው ነበር።

«መኪናዋ ናት» ይላል እሱ። ስንስቅበት ደግሞ፣ «ከእናንተ እሷ ትሻላለች፤ እሷ እንኳ ትሳለማለች» ይለናል።

አንድ ቀን የቀኙ ጎማ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ወጣና አንድ ሎተሪ አዟሪ ዘሎ አመለጠ። ሰውዬው ሎተሪውን ከመሬት እየለቀመ «አባባ፣ እጣዬን ሊያወጡልኝ ነበር» አለ። አባቴ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። እቤት እንደገባን ቁልፉን እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት።

ይህ ቀላል ጥያቄ አልነበረም። እናቴን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳት እሱ ነው። ከፈረሰው የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተነስተው ከተማው ዳር የገቡትን የዕድር ጓደኞቹንም ሄዶ አምጥቶ ለቅሶ የሚያደርሳቸው እሱ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሰው እሱን የሚፈልገው ለመኪናው ነው ብዬ በልቤ አስብ ነበር፤ እሱም ሳያስበው አይቀርም። ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ፣ «መጀመሪያ አስመርምሪያት። ንጹሕ ከሆነች ቁልፉ ያንቺ ነው» አለኝ። ተስማማን።

የፒያሳ ሰው መኪና ባይኖረውም ስለ መኪና አስተያየት አያጣም። አባቴ ማኪያቶ የሚጠጣበት ቤት ገብተን ጉዳዩን ገና ሳንጨርሰው ባንኮኒው በሙሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ የጎማ ንፋስ ነው አለ። ሌላው መንገዱን ናፍቃ ነው፣ የድሮ ጉድጓዶቿን እየፈለገች ነው አለ። ጥጉ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ደግሞ አባቴን ትኩር ብለው አይተው፣ «ወይዘሮዋ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ነው የሚቀመጡት፣ አይደለም?» አሉ። ይህን ለእናቴ ላለመንገር ተስማምተን ወጣን።

ንፋሱን ጎሚስታው ለካው፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው። የፊት ጎማዎቹን አቀያየራቸው፤ ያው ወደ ቀኝ። ስለዚህ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ ያለ ጋራዥ ወሰድናት፤ እናቴም «የመኪናዬን ነገር ልስማ» ብላ አብራን መጣች። መካኒኩ ጋራዡ ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ቀስ እያለ ነዳት። ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ አሳየን። መኪናዋ እንደ ጨዋ ልጅ ቀጥ ብላ ሄደች።

«እህቴ፣ መኪናዋ ምንም የላትም» አለኝ። ከዚያ አባቴን አየው፣ ቀጥሎም ሰማዩን አየ። አባቴ ያችን አስተያየት በደንብ ገባችው። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝና ኋላ ወንበር ገባ። አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ወደ ፒያሳ የሚወጣውን ዳገት ያዝኩት። እናቴ ከጎኔ ነበረች። እንደ አሸናፊ ቀስ እያልኩ ስነዳ ከኋላዬ ያለ ሚኒባስ ክላክሱን አንባረቀብኝ፤ ደነገጥኩና ነዳጁን ረገጥኩት። መኪናዋ ወደ አበባው ሄደች። አንገቴን አልሰበርኩም፣ ባርኔጣም የለኝም። እግሬን ሳነሳ ወደ ግራ ተመለሰች። ስረግጥ ወደ ቀኝ፣ ስለቅ ወደ ግራ። በመስታወቱ ሳየው አባቴ ከኋላ ወንበር በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ፈገግ ብሏል።

«እኔማ ትከሻዬ ያውቀዋል» አለች እናቴ። «ሲረግጥ ወደ እሱ ትገፋኛለች፣ ሲለቅ ከበሩ ጋር ታላትመኛለች። ስንት ጊዜዬ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? አንቺ እንደሆንሽ ጥፋተኛሽን አግኝተሽ ነበር።»

ዞረን ወደ ጋራዡ ተመለስን። መካኒኩ የእናቴን ቃል ሲሰማ «እሱን ቀድመው ቢነግሩኝስ» ብሎ አኮረፈ፤ ቀስ ብሎ ለሚነዳት ሰው አመሏን አታሳይም ማለት ነው። አባቴን መሪው ላይ አስቀመጠውና ፍሬን ይዞ፣ ማርሽ አስገብቶ ትንሽ ነዳጅ እንዲሰጥ ነገረው። መካኒኩ ራሱ ከጎን ቁጢጥ ብሎ አየ። ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር የቀኙ የፊት ጎማ ከቦታው ሸርተት ይላል። ጎማውን የሚይዘው ብረት ላይ ያለው ላስቲክ፣ ጎሚኒ የሚሉት፣ ተበልቶ አልቋል። መኪናዋ ጉልበት ባወጣች ቁጥር አንድ እግሯ ይከዳታል ማለት ነው።

አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ነቀለና ኪሱ ከተተው። ማንም እንዲመልስ አልጠየቀውም። ማኪያቶ ቤቱ ውስጥ ለሳምንት ያህል ሌላ ወሬ አልነበረም፤ «ልጄን አስመረመርኳት» እያለ ይተርካል። ላስቲክ ነው ብዬ ነበር ያላለ ደንበኛም አልቀረም።

ላስቲኩ ተቀየረ። እሑድ ጠዋት ወደ ሥላሴ ለመሄድ ተሳፈርን፤ አባቴ መሪ ላይ፣ እናቴ ከጎኑ፣ እኔ በሽንፈቴ ከኋላ። ነዳጅ ሰጣት። መኪናዋ ወደ ግራ ሄደች።

አንድ ታክሲ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «ፋዘር፣ መንገዱ ሰፊ ነው» አለ። አባቴ አስተካከላት፤ ደግሞ ሲረግጥ ደግሞ ወደ ግራ። እናቴም በረገጠ ቁጥር እንደ ድሮው እንዳትገፋ ቀድማ ወደ በሩ ታዘነብላለች። ሳቄ አመለጠኝ፤ መኪናዋ ድና ሁለቱ ሲታመሙ እያየሁ እንዴት አልስቅ። እጆቹን ሳይ ግን ሳቄ ቆመ። መሪውን ጥብቅ አድርገው ወደ ግራ ይዘውታል። ያን ሁሉ ጊዜ፣ እኛ ስንስቅበት፣ እሱ ይቺን መኪና በእጁ ኃይል መንገድ ላይ ይዟት ነበር። እጆቹ አሁንም ልማዳቸውን ሊለቁለት አልቻሉም።

ገና ጊዮርጊስ ሳንደርስ ዳር ያዘና ቆመ።

«መኪናዋስ ድናለች» አለ። «አሁን የምስበው እኔ ነኝ።»

«ትለምደዋለህ አባዬ።»

«እስክለምደው ሰው ልግጭ?»

ወርዶ በሩን ከፈተልኝ። እናቴ የፊቱን ወንበር ለቃለት ወደ ኋላ ገባች። ያን ያህል የፈለግኩት ቁልፍ ሞተር ማስነሻው ላይ ተሰክቶ ሲጠብቀኝ፣ ምነው ታማ በቀረች አልኩ። ነዳጅ ሰጠኋት፤ ቀጥ ብላ ሄደች።

ጊዮርጊስ ስንደርስ አባቴ ባርኔጣውን በሁለት እጁ አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ ዓይኑን ከደነ፣ ግንባሩ ከፊቱ ያለውን ዳሽቦርድ ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ አለ። እኔም እሱን አይቼ አንገቴን ሰበር ላደርግ ስል፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣

«መሪሽን ያዢ» አለኝ። «ላንቺም እኔ እሳለምልሻለሁ።»