ለቦይለሩ የሄዱ ሽማግሌዎች

የባለቤቴ አባት መጀመሪያ የላክኳቸውን ሽማግሌዎች በባዶ እጃቸው ነው የመለሷቸው። ሥራዬ አልገባቸውም ነበር። እዚህ ውጭ አገር፣ ቶራንስ በምትባል ከተማ ውስጥ የሆቴል አንሶላና ፎጣ የሚያጥብ ድርጅት ቀጥሮኝ ቦይለር እቆጣጠራለሁ፤ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ትልቅ ማሽን ነው። ሽማግሌዎቹ ሥራው ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ «ውሃ ያፈላል» አሉ። አባትየውም ውሃ ለሚያፈላ ሰው ልጄን አልሰጥም አሉ። እኔም ብሆን አልሰጥም።

ባለቤቴ፣ ያኔ ገና ፍቅረኛዬ፣ በስልክ ቁርጡን ነገረችኝ። አባቷን አስቀይማ አታገባም፤ እሳቸው ደግሞ ሁለቴ እምቢ ካሉ ነገሩ ዳግመኛ እንዲነሳ አይፈቅዱም። አንዱን እምቢታ በልቻለሁ። የቀረኝ አንድ ዕድል ነበር።

ወራት አለፉና አባትየው ራሳቸው ባለ ቦይለር ሆኑ። አገር ቤት ካለው ወንድማቸው ጋር ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከፍተው ያገለገለ ቦይለር ገዙ፤ ወዲያው ተጣሉ። ወንድምየው በከባድ ጥቁር ናፍጣ ይሥራ፣ ርካሽ ነው ይላል። አባትየው ቀላል ጥቁር ናፍጣ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላሉ። የእኛ ሰው በሚሰበሰብበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለ ሐበሻ ሁሉ ወገን ያዘ። ዕድሜ ልኩን ከቤንዚን ሌላ ቀድቶ የማያውቅ ሰው ምሳ እየበላ ስለ ናፍጣ ይተነትናል። እዚህ ከተማ ደግሞ እኔ የማውቀው ቦይለር ሁሉ የሚሠራው በጋዝ ነው፤ የናፍጣውን ነገር ለቦይለር ላይሰንስ ስማር ካነበብኩት በቀር እኔም አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት አዲስ ሽማግሌዎች ጭኜ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ወዳለው የአባትየው አፓርታማ ሄድኩ። አንዱ ፓርኪንግ ያስተዳድራሉ፣ አንዱ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ ናቸው፣ ሦስተኛው ፌርፋክስ ላይ ሱቅ ያላቸው የወሎ ሰው። ሦስቱም ባልና ሚስት በማስታረቅ ስማቸው የተጠራ ነው። እንደ ወጉ እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ። እነሱ ኮታቸውን ቆልፈው ደረጃውን ወጡ።

ብዙም ሳይቆዩ ባለ ፓርኪንጉ ደውለው፣ ተፈልገሃልና ና ውጣ አሉኝ። ሽማግሌ የላከ ሰው እዚያው ሽምግልናው መሃል አይገኝም። አለቀልኝ ብዬ ወጣሁ።

ሳሎን ስገባ የሁሉም ፊት ፈክቷል። ለካ አባትየው ሰላምታው ሳያልቅ የወንድማቸውን በደል አንስተዋል። ሽማግሌዎቼም ጠብ የሚባል ነገር ሰምተው ማለፍ ስለማይሆንላቸው ነገሩን ይዘውት ቁጭ ብለዋል። ወንድምየውም ከደብረ ብርሃን በስልክ ቃሉን ሰጥቷል። ባለ ሱቁ የደረሱበትን ፍርድ ደገሙልኝ።

«ግማሽ ከከባዱ፣ ግማሽ ከቀላሉ። ሚክስ ያደርጉታል፣ ማንም አይከፋም። ኦኬ?»

ባልና ሚስት ሲያስታርቁ እንደለመዱት መሃል ለመሃል ነበር የቆረጡት። እኔ የተጠራሁት፣ የሙያው ሰው ነህና አጽድቅልን ተብዬ ነው። በኩሽናው በር በኩል እሷን አየኋት፤ ዓይኗ ዝም በል ይለኛል። ዝም ብል የሰውየው ቦይለር ይታፈናል። ብናገር ሊለምኑልኝ የመጡትን ሽማግሌዎች በሰው ቤት አሳፍራለሁ። ደግሞም ተናድጄ ነበር፤ የእኔ ትዳር ተንጠልጥሎ የናፍጣ ጋብቻ ይፈጽማሉ።

«ጋሼ፣» አልኩ ወደ አባትየው ዞሬ፣ «ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንዳንዴ አይስማሙም። አተላ ይሠሩና ማጣሪያውን ይደፍኑታል። ከባዱ ብቻውን ደግሞ በደብረ ብርሃን ብርድ እንደ ቅቤ ይረጋል፤ ጋኑንም ቧንቧውንም ካላሞቁት አይፈስም። ግን ነዳጁን የሚያነደው በርነር ለየትኛው ነው የተሠራው?»

ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ወንድምየው ስልኩን እንደያዘ ቦይለሩ ወዳለበት ሄደ፤ ኮቴው ይሰማናል። በርነሩ ላይ የተለጠፈውን አነበበልን፤ ለቀላል የተሠራ ነው። አባትየው ጉልበታቸውን በደስታ መቱ። እኔንም ተመልሰህ ውረድ አሉኝ።

ሽማግሌዎቹ ቆይተው እየሳቁ ወረዱ። መኪናዋን አስነሳሁ። ለመጠየቅ ፈርቼ ነዳሁ፤ ኦሊምፒክ ጎዳና ጋ ስንደርስ አላስችል አለኝ።

«ታዲያ ምን ተባለ?»

«ቀላሉ ይሁን ተባለ።»

«ስለ ልጅቷስ?»

በመስታወት አየኋቸው። ባለ ሱቁ አፋቸውን ይዘዋል፣ ታክሲ ነጂው ውጭ ውጭውን ያያሉ። ልጅቷን ሊጠይቁ ሄደው ሳይጠይቁ ወጥተዋል። ሁለተኛ ሽማግሌ ብልክ እያልኩ በንዴት መኪናዋን ወደ አፓርታማው አዞርኩ።

አባትየው ክራባታቸውን እንኳ ሳይፈቱ ደረጃው ላይ ቆመው ነበር። እኔ መኖሬን ከነመፈጠሬ ረሱትና ሽማግሌዎቹን ተቆጡ።

«ቦይለር ከገዛሁ ወዲህ ሥራው ገብቶኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ እሺ ማለት ስለማመድ ከርሜ፣ ስለ ናፍጣ አውርታችሁ ትሄዳላችሁ?» አሉ።

ባለ ሱቁ እዚያው ደረጃ ላይ ቆባቸውን አውልቀው ልጅቷን በወጉ ጠየቁ። አባትየው አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ እንደገና ከፈቱ። አንዲት ልጃቸው ናት። እንባቸው ቀደማቸውና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የምሆነውን አጥቼ ቁልፌን ስነካካ እናትየው ከኋላቸው ብቅ አሉ።

«እሺ ብለዋል» አሉ።