ለአክስቴ ያዘዝኩት ስኳር

የአንደኛ ዓመት የመጀመሪያው ሴሚስተር አልቆ ለእረፍት ሉማሜ ስገባ ዶክተር ሆኜ ነበር የገባሁት። ሕክምና ገና አልደረሰኝም። የሚመደበው የዓመቱ ውጤት ሲታይ ነው፤ እኔ ከማርቆስ ይዤ የመጣሁት ባዮሎጂ ላይ ኤ ብቻ ነበር። ለሰፈራችን ግን ሳይንስ የሚማር ልጅ ሁሉ ዶክተር ነው። አንዱ ጉልበቱን፣ ሌላው ጥርሱን እያሳየ መድኃኒት ይጠይቀኛል። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ እመልሳለሁ። ለአብዛኛው ሰው «ውሃ በብዛት ጠጡ» ነበር የምለው፤ እሱስ ማንንም አልጎዳም።

ያሳደገችኝ አክስቴ ግን የምር ታማ ነበር። ከስታ ቀሚሷ ሰፍቷታል። ውሃ አያረካትም፤ ሽንት ቤት ምልልሱም በዝቶባታል።

«ጉልበቴ ከዳኝ፣ ዶክተሬ። ምን ይሆን?» አለችኝ።

ያን ሰሞን ያጠናሁት ምዕራፍ ሰውነት ጉልበት የሚያገኘው ከስኳር እንደሆነ ይናገራል። ቀመሩን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤዋለሁ። ጉልበት ከሌላት ስኳር አጥሯታል ማለት ነው፤ በቃ።

«ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ጠዋትና ማታ ጠጪ፣ እትዬ» አልኳት።

ስኳሩን ልገዛ መንገድ ተሻገርኩ። ባለሱቋ ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው፤ ከአክስቴ ጋር ከእህት አይተናነሱም። ለምን እንደምገዛው ስነግራቸው ሚዛኑን ትተው አዩኝ።

«እንዲህ ውሃ ውሃ የሚያሰኘው የስኳር በሽታ ነው ይላሉ። አጎቴንም እንዲሁ አድርጎት ነበር። ሆስፒታል ብትወስዳት አይሻልም?»

«የተማርኩት እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?» አልኳቸው።

«እርስዎ» ማለቴ ነገሩን አባሰው እንጂ አላሻለውም። ስኳሩን መዘኑልኝ።

አክስቴ ያዘዝኩላትን አንድም ቀን አላጓደለችም። ወደ ግቢ በተመለስኩ በሳምንቱ ስልክ ተደወለ፤ ራሷን ስታ ወደ ማርቆስ እያመጧት ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ስጠብቅ ሚኒባሱ ደረሰ። ጭንቅላቷ ባለሱቋ ጭን ላይ ነበር።

ነፍሷ የተመለሰው በማግስቱ ነው። ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ጠየቃት።

«ስኳር በጥብጠው ሲጠጡ ነበር አሉ። ማን ነው ያዘዘዎት?»

አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ልለብሰው የምመኘውን ነጭ ጋውን በለበሰ ሰው ፊት መሃይም መባል ከአክስቴ ነፍስ በለጠብኝ፤ ይህን ሳልደባብቅ ነው የምጽፈው።

«እኔ ነኝ» አሉ ባለሱቋ። «ስኳሩም ከኔው ሱቅ ነው። ሳላውቅ አጠፋሁ።»

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል! ልትገድሏት ነበር እኮ» አለ ሐኪሙ። ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ስበው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

ኮሪደሩ ላይ ተከተልኳቸው። «ለምን?» አልኳቸው።

«ነገ የምትማረው እዚሁ አይደል? ክፉ ስም ቀድሞህ እንዳይገባ ብዬ ነው» አሉኝ። «ይልቅ ግባና ያዘዙላት የስኳር መርፌ እንዴት እንደሚወጋ አይተህ አሳየኝ። ቤት የምወጋት እኔ ነኝ።»

በዓመቱ መጨረሻ ሕክምና ደረሰኝ። አክስቴ ደህና ናት፤ እስከዛሬ ጠዋትና ማታ የሚወጓት እሳቸው ናቸው። ለሐኪሙ እነግረዋለሁ እያልኩ ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛውም ተጨመረ።

ባለፈው ወር ያው ሐኪም ስለ ስኳር በሽታ ሊያስተምረን ክፍላችን ገባ። አልለየኝም። ስለ አጉል ምክር ሲያነሳ፣ ለታመመች ጎረቤቷ ስኳር በጥብጣ ስላጠጣች አንዲት የሉማሜ ባለሱቅ አጫወተን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።