የማለዳ ክላክስ

መኪናዋን የሸጠልኝ ሰው፣ ሰው ገድላ እንደነበር አልነገረኝም።

ሥራዬ የመኪና ወንበር ልብስ መስፋት ነው። ሱቄ ኡራኤል፣ ቤቴ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም። ሠላሳ ዓመት በሰው ወንበር ላይ ተጎንብሼ ስሰፋ የራሴ መኪና አልነበረኝም። በአምሳ ሁለት ዓመቴ ስገዛ ግን ሰው የሚገዛውን ዓይነት አልገዛሁም። ባለ ሁለት በር፣ መሬት ልትስም ምንም ያልቀራት፣ የእኔ እኩያ የሆነች የጣሊያን ስፖርት መኪና ገዛሁ። የማውቃቸው መካኒኮች እሷ የሠርግ መኪና እንጂ የዕለት መመላለሻ አይደለችም አሉኝ። እኔ ደግሞ በየቀኑ ልነዳት ነው የገዛኋት። በሕይወቴ ለእሁድ ተብሎ የሚቀመጥ ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

ሻጩ እዚያው ኡራኤል የሚኖር ጡረተኛ ነው፤ የተከበረ፣ ሁሉም ጋሼ የሚለው። ወንበሮቿን እንዳለብስለት ሱቄ ሲያመጣት ነው ያየኋት። የቀኙ የፊት መብራቷ የጥንት፣ የግራው አዲስ ነበር። ኮፈኗም ፀሐይ ሲያርፍበት ከበሮቹ ትንሽ ይደምቃል። ቀለም የምለይ ሰው ነኝ፤ ጨርቅ ሳስተያይ ነው የኖርኩት። አየሁት፣ አልጠየቅኩም። የፈለገ ሰው አይጠይቅም።

ውሉ አራት ገጽ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። የታተመ ጽሑፍ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቀስ እያልኩ አነባለሁ። እዚያ ግን ሁለት ምስክሮች ቁጭ ብለው እያዩኝ ጣቴን ወረቀት ላይ ማስቀመጥ አፈርኩ። እንደሚያነብ ሰው ዓይኔን አንከራተትኩ፣ ገጹን ገለጥኩ፣ ትንሽ ቆየሁ፣ ፈረምኩ። ሰውዬው ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። አሁን ሳስበው፣ በዚያን ቀን የተመረመርኩት እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ መንዳት ጀመርኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሰንጋ ተራ ወጥቼ፣ በሜክሲኮ አልፌ፣ መጨናነቁን ሽሽት በካዛንቺስ ውስጥ ለውስጥ። ፍሪሲዮኗ እግር ይሰብራል፣ ልብሴ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ ሞተሯ ሲሞቅ ግን ሁሉንም ያስረሳል። ሜክሲኮ ላይ የሚኒባስ ረዳቶች ከላይ ቁልቁል እያዩኝ፣ «ፋዘር፣ ስታድግ ለእኔ ሽጣት» ይሉኛል። ስቄ አልፋለሁ።

ካዛንቺስ ማንም አይስቅም ነበር። አንዲት መታጠፊያ አለች፤ እዚያ ስደርስ ወሬ ይቆማል። ጫማ የሚያስጠርጉት እግራቸውን ይሰበስባሉ። ጥቁር የለበሱ አንድ እናት በትንሽ ሱቃቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኔ ስመጣ ይነሳሉ። በየቀኑ። እስካልፍ ድረስ ቆመው ያዩኛል። ትልቅ ሰው ተነስቶልኝ ዝም ብዬ ማለፍ ነውር ነው። ራሴን ዝቅ አድርጌ ክላክስ አደርጋለሁ፤ አጭር፣ የሰላምታ። አምስት ወር ሙሉ እንዲህ አደረግኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ፣ አንተ ሰውዬ ተው፣ ያለኝ የለም።

በሦስተኛው ወር ሱቄ በር ላይ ካቆምኳት መኪና፣ ዝናብ መጥረጊያው ሥር ወረቀት ተሰክቶ አገኘሁ። የእጅ ጽሑፍ ነው። የእጅ ጽሑፍ አይሆንልኝም፤ ፊደሉ እርስ በርሱ ይያያዝብኛል። በዚህ ዕድሜዬ ማንን አንብብልኝ ልበል? አጥፌ መሳቢያዋ ውስጥ ከተትኩት። ሁለተኛው ሲመጣም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀዶት ነበር። እሱንም ከተትኩት።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ መታጠፊያዋ ላይ አንድ ጎልማሳ መንገድ መሀል ቆመብኝ። አቆምኩ። እጁን ኮፈኗ ላይ አሳርፎ ወደ መስኮቴ ጎንበስ አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ሦስት ጊዜ ጻፍንልህ።»

«አላነበብኩትም» አልኩት።

«አንብበህ ነው እናቴን የምትሰድባት ብለን ነበር።»

ነገረኝ። ታናሽ ወንድሙ እዚህች መታጠፊያ ላይ የሞተው በዚህች መኪና ተገጭቶ ነው። ሲነዳ የነበረው የሸጠልኝ የጋሼ ልጅ ነው፤ ፍርድ ሳይደርስ ከአገር ወጣ። አባትየው ቀብር አልመጣም፣ ሽማግሌ አልላከም። መኪናዋን ሸራ አልብሶ አራት ዓመት አቁሞ፣ ለእኔ ሸጣት።

«ከመግጨቱ በፊት ክላክስ አድርጎ ነበር» አለኝ። «እናቴ ቤት ውስጥ ሆና ሰምታዋለች። የክላክሷን ድምፅ ለይታ ታውቀዋለች።» ከዚያ እጁን አነሳ። «ከዛሬ በኋላ ካየናት እናቃጥላታለን። አንተም ውስጥ ከተገኘህ ተገኘህ ነው።»

መንገድ ቀየርኩ። በአራተኛው ቀን ኡራኤል፣ ሱቄ በር ላይ፣ ኮፈኗ ላይ ጀሪካን ተቀምጦ አገኘሁ። ቤንዚን፣ እስከ አፉ ሙሉ፣ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ የተዘጋ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ያ ነው ያስፈራኝ። የተናደደ ሰው ያፈሳል።

ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ጋዜጣ ያነባል። ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት።

«ውሉ ላይ አለ። ከዚህ በፊት በደረሰ አደጋ ሻጭ አይጠየቅም ይላል፤ ሦስተኛው ገጽ። አንብበህ አይደል የፈረምከው?»

«እንዳላነበብኩ አይተዋል፣ ጋሼ።»

ጋዜጣውን ገለጠ። «እሱ እንግዲህ የእኔ ጥፋት አይደለም።»

ሽማግሌ ይዞ እናትየው ዘንድ እንዲሄድ ለመንኩት። ይቅርታ መጠየቅ በልጁ ላይ መመስከር ነው አለኝ። በሩን ራሱ ከፍቶ ሸኘኝ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መኪናዋን እዚያው በሩ ላይ አቁሜ ክላክስ አደረግኩ። አጭር፣ የሰላምታ። ራሴን ዝቅ አድርጌ ሄድኩ። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀን ያ ጎልማሳ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየሁት። ሞተር አላጠፋሁም፣ አልሸሸሁም፤ ላቤ ግን ወንበሩን አራሰው። ክላክሱን አደረግኩ። ጎልማሳው በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ጀሪካን አልመጣም።

በሁለተኛው ሳምንት ሰውዬው በጋቢ ወጣ። ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ።

«ሰላም ልልዎት ነው፣ ጋሼ።»

ጎረቤቶቹ ከየበራቸው ብቅ ማለት ጀምረው ነበር። በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ገና ክላክሱን ሳልነካ፣ በሩ ተከፈተ። ሙሉ ልብስ ለብሷል። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ ሽማግሌ ልኬአለሁ፣ ካዛንቺስ እየጠበቁ ነው፣ ንዳ አለኝ።

መታጠፊያዋ ላይ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ተንበረከከ። እናትየው ቶሎ አላነሱትም። በመጨረሻ ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ በዚህ እለፍ፣ ልጄ። ያንን ነገር ግን አውጣልኝ።»

በፊታቸው ኮፈኗን ከፍቼ ክላክሷን ፈታሁ፤ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። እስከ ዛሬ ያለ ክላክስ ነው የምነዳት። የእናትየው ሱቅ አሁን ፈርሷል፣ ቦታው መንገድ ሆኗል፤ እዚያ ስደርስ ፍጥነት እቀንሳለሁ።

ሰውዬውን እኔ ይቅር አላልኩትም። ይቅርታ አልጠየቀኝም። የእነሱ ነገር ግን ያለቀው በኡራኤል ዕለት፣ ጥር ሃያ ሁለት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው።