በጎረቤቴ ገብስ ላይ የጨመርኩት

ሞባይል ስልክ መንደራችን በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ልጄ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትማር፣ ለመመረቂያ ጽሑፏ የአገራችንን ጥቁር ገብስ መረጠች። ከመካነ ሰላም እስከ ከላላ የሚዘራው ገብስ አንድ ዘር ነው ወይስ ስሙ ብቻ ነው አንድ? ሥራዋ ይህን ማወቅ ነበር። ዓይን የማይለየውን ከፍሬው ውስጥ በላቦራቶሪ አንብበው በኮምፒውተር ይለዩታል አለችኝ። ኮምፒውተሩን ሪያድ ያለችው እህቷ ላከችላት፤ አልሐምዱሊላህ። የሚለየው ፕሮግራም ግን ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። በኋላ መምህሯ በነጻ የሚገኝ ሌላ አሳዩዋት።

«በነጻ? ምን ጎድሎት ነው?» አልኳት።

«ምንም አልጎደለው እማ። የሠሩት ሰዎች ውስጡን ሳይቀር ለሁሉም ከፍተውታል። የቻለ ያርመዋል፣ ያልቻለ ይሠራበታል።»

«ወንፈል ነዋ!»

«ወንፈልማ ትመልሺዋለሽ። ይኼን መልሱ ያለ የለም።»

«እንግዲያ ሰደቃ ነው በይኛ» አልኩና ለማላውቃቸው ሰዎች ዱዓ አደረግሁ።

እሷ በከላላ በኩል ስትዞር የመንደራችንን ዘር የሰበሰብኩላት እኔ ነኝ። ቁጥር የተጻፈባቸው ከረጢቶች ሰጠችኝ። «ከየቤቱ አንድ ጣሳ፣ እንዳትቀላቅይብኝ» አለች።

ባሏ የሞተባት ጎረቤት አለችኝ። በዚያ ዓመት ውርጭ እርሻዋን መትቶት ነበር። ለዘር ካስቀረችው ላይ ቀንሳ ያመጣችው ገብስ የጣሳውን ግማሽ አልሞላም። «ይኸው ነው» ብላ ፊቷን አዞረች። ቤቴ ገብቼ ከራሴ ጎተራ ዘግኜ ሞላሁት። በእኛ ዘንድ ጎደሎ መስፈሪያ ሰው ፊት አይቀርብም። የእሷን ጎደሎ ደግሞ የተማሩ ሰዎች እንዲያዩት አልወደድኩም። ገብሱ እንደሆነ ያው ጥቁር ገብስ ነው፣ ማን ይለየዋል አልኩ።

ከወራት በኋላ ልጄ ደወለች። ድምፅዋ ልቅሶ ልቅሶ ይላል።

«ስምንት ቁጥር ከረጢት አስቸገረኝ እማ። ፕሮግራሙ ግማሹን ከእኛ ቤት ገብስ ጋር ይመድበዋል፣ ግማሹን ከማንም ጋር አያዛምደውም። እዚህ ላይ ከተሳሳተ ሌላውንስ በምን አምነዋለሁ? ማስረከቢያዬ ደርሷል፤ የሁለት ዓመት ልፋቴ ገደል ሊገባ ነው።»

ስምንት ቁጥር የማን እንደሆነ አላጣሁትም። «አብሽሪ» አልኳት እንጂ አልነገርኳትም። የሰው ገመና መሸፈን እየተማርኩ ነው ያደግሁት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ስግደቴ እንኳ አልረጋልኝም።

በሦስተኛው ቀን መልሳ ደወለች።

«ሠሪዎቹ ለጠየቃቸው ሁሉ የሚመልሱበት ገጽ አላቸው። ጻፍኩላቸው። አንዱ መረጃዬን ተቀብሎ ራሱ ሞከረው፤ ለእሱም ያው ወጣ። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፣ ዘሩን የሰበሰበውን ሰው ጠይቂ አለኝ። የሰበሰብሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።»

ባሕር ማዶ ያለ ሰው፣ ልጄን ሳያውቃት፣ የሥራ ቀኑን ሰጥቷታል። እናቷ አንዲት ቃል ነፈግኳት። አፈርኩ። ሁሉንም ነገርኳት።

«ስሟ ይጻፋል?» አልኩ መጨረሻ ላይ።

«ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ኧረ እማ! አሥር ፍሬ ይበቃኝ ነበር እኮ!»

«ታዲያ ጣሳ ለምን አልሽ?»

«አሥር ፍሬ ብላችሁ ለሰው እንደማትሰጡ ስለማውቅ ነዋ!»

ሳቀች፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

የእኔን ገብስ ከስምንት ቁጥር ለይታ አወጣችው። የቀረው የጎረቤቴ ብቻ ነው፤ ከሰበሰበችው ሁሉ ዘመድ አልተገኘለትም። ልጄ ጽሑፏን በቀኗ አስረከበች። ያን የመለሰላትን ሰው ስሙን አላውቅም፤ አላህ ያውቀዋል። ከአምስቱ ሶላት በኋላ ዛሬም ዱዓዬ አይለየውም።

የመኸሩ ገብስ ተወቅቶ ሲያበቃ ልጄ ከዚያው ዘር ልትጠይቅ መጣች። ጎረቤቴ ጣሳውን ቁልል አድርጋ ሞላችላት።

«አምና ሰጥቼሽ አልነበር? ምን አደረግሽው?»

ልጄ ወደ እኔ አላየችም። «ቆልቼ በላሁት እትዬ።»

«አይ ሆዳም!» አለችና አንድ እፍኝ ጨመረችላት።