ዝገት የሚሰማ ጆሮ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ጆሮ» የሚላቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአሮጌ መኪና ላሜራ ሲያቃኑ፣ ዝገት ቆርጠው ሲጥሉና ሲጠግኑ የኖሩ ቀጥቃጭ ናቸው። ሌላው ባለሙያ የተደበቀ ዝገት ሲፈልግ በካቻቢቴ ይወጋል። እሳቸው ግን በመዶሻቸው እጀታ ቀለሙን ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ጤነኛው ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ከውስጥ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። «እዚህ ጋ ቁረጡ» ካሉ በቃ ይቆረጣል፤ ከሥሩም ዝገቱ ቡን ብሎ ይወጣል። በካቻቢቴ የሚወጋውንማ እንደ ሌባ ነበር የሚያዩት።

ችግሩ፣ ዕድሜ ልኩን ብረት ሲጮኽበት የኖረ ጆሮ እሱም መበላቱ አይቀርም። መጀመሪያ የጠፋባቸው የወፍ ድምፅ ነው፤ ለዚያ ግድ አልሰጣቸውም። ቀጥሎ የሰው ንግግር እየራቀ ሄደ። ሚስታቸው ጮክ ብለው ሲያናግሯቸው የተቆጡ መስሏቸው ስንት ወር አኩርፈዋል። ኋላ ነገሩ ሲገባቸው ደግሞ ኩርፊያውን ትተው ዝምታውን ያዙ። ሐኪም ቤት ደጃፍ እንኳ አልደረሱም። ምን ብለው ይሂዱ? ጋሽ ጆሮ አይሰሙም ከተባለ ማን መኪናውን ያመጣላቸዋል? ከእንጀራቸው መዘጋት ይልቅ ግን መሳቂያ መሆኑ ነበር እንቅልፍ የሚነሳቸው።

አንድ ክረምት የልጃቸው ባል ሚኒባስ መጣ። ከአማቻቸው እኩል ያረጀ መኪና ነው፤ እሱ ይነዳል፣ ልጃቸው ደግሞ ረዳት ናት። በሩ ሥር ያለው መርገጫ ላይ ቆማ ተሳፋሪ ስትጠራ ትውላለች። የታችኛው ላሜራ በየቦታው ተበሳስቶ ዝናቡን ወደ ውስጥ ያስገባ ጀመር።

የልጃቸው ጉዳይ ነውና ጋሽ ጆሮ ማንንም አላስነኩም። የተበላውን ቆርጠው አወጡ፤ ዳር ዳሩን ንጹሕ ብረት እስኪታይ ሞረዱ፤ አዲስ ላሜራ ለክተው አዘጋጁ። የሚስታቸው ወንድም በየደው። ስቱኮ ተለቀለቀ፣ ተሞረደ፣ ተቀባ። የቀረው መርገጫው ነበር። ላዩ ደህና ይመስላል፤ ቀድሞ ሌላ ጋራዥ ቀለም ደርቦበታል።

ተንበርክከው አንኳኩ። ጆሯቸውን አስጠጉ። ምንም የለም። ጠንከር አድርገው ደገሙት፤ ንዝረቱ መዳፋቸው ላይ ተሰማቸውና እሱን እንደ ድምፅ ቆጠሩት። አጠገባቸው የቆመው በያጅ ግን ድምፁ መታፈኑን ሰምቷል። ይሄም ይከፈት ወይ ብሎ በእጁ ጠየቃቸው።

«ጤነኛ ነው፤ አትንካው» አሉ።

በያጁ መሬት ላይ የወደቀውን ካቻቢቴ አየት አደረገና ተወው። ሙያ ያስተማሩትን፣ ያውም የእህቱን ባል፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየ ተሳስተዋል ሊላቸው? ይሉኝታ ያዘው። ይሄ ይሉኝታ የሚባል ነገር ስንቱን እንደጨረሰ ቤት ይቁጠረው።

ክረምቱ ሳይወጣ፣ ሚኒባሱ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ መርገጫው ከልጅቷ ሥር ተገነጠለ። ግራ እግሯ አስፋልቱ ላይ ወረደ፤ ባሏ እስኪያቆም ድረስም መንገዱ ጎተታት። ሐኪሞቹ ከጉልበቷ በታች ቆረጡት።

ጋሽ ጆሮ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ሚኒባሱ ነው። የተገነጠለውን ጠርዝ በጣታቸው ሲነኩት ፍርፍር ብሎ መዳፋቸው ላይ ቀረ። ከቀለሙ በታች ብረት የሚባል ነገር አልነበረም። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ በያጁ ሊያነሳቸው ቢሞክር እምቢ አሉ።

ሆስፒታል ሲገቡ ልጃቸው ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከወገቧ በታች ማየት አቃታቸው። ስንት ዓመት አንቀው የያዙትን ነገር እዚያው ቆመው አወጡት።

«ልጄ፣ አንኳኩቼ አልሰማሁም። ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል። ደብቄያችሁ ነው።»

ብትሰድባቸው በወደዱ ነበር። እሷ ግን እጃቸውን ይዛ ወደ ራሷ ሳበቻቸው። ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ ትንሽ በሚሻላቸው በቀኙ ጆሯቸው በኩል አፏን አስጠጋች።

«አባዬ፣ የእኛን ድምፅ እንደማትሰማ ሁላችንም እናውቅ ነበር» አለቻቸው። «ብረቱን ግን ትሰማለህ ብለን ነው ዝም ያልነው።»