የአጎቴ ላጲስ

አጎቴን ከቀበርን ዛሬ ሠላሳ ቀን ሆነ። እዚህ እስራኤል፣ ክርያት ሞሼ ሰፈር ባለው ቤታቸው የኢትዮጵያን ካርታ ዘርግተው ክፍለ ሀገሮቿን በእርሳስ እንደ አዲስ ማካለል ይወዱ ነበር። በዕብራይስጥ «ቤሰደር»፣ እሺ፣ ብለው «የከፋው ካለ ላጲስ አለ» ይሉ ነበር።

እኔ ሽማግሌው፣ ካርታ ገልብጬ የማነበው፣ «ጋሼ፣ ለእኔም አንድ አውራጃ ይስጡኝ» እላቸው ነበር።

«አንተ ኩሽናህን መች ገዛህና?»

ከማረፋቸው ሳምንት በፊት ግን እስክሪብቶ አስመጡና በትውልድ መንደራችን ወንዝ ላይ መስመር አሰመሩ።

«ጋሼ፣ እህቴ ወዲህ፣ ልጇ ወዲያ ሊቀሩ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ይሄኛው የእኔ መስመር አይደለም» አሉና ላጲሱን ሰጡኝ።

ትናንት እህቴ ከመንደራችን ደወለች። ወንዙን ልትሻገር ስትል መሣሪያ የያዙ ሰዎች መለሷት፤ ልጇን ካየች ሁለት ሳምንት ሆናት።

ባዶ ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ የእስክሪብቶውን መስመር እንደ ጅል በላጲሱ እፍቃለሁ። ወረቀቱ ተበሳ።